ውሃ የማትነካው ጀልባ

አጎቴ ነቀምቴ ባለው ግቢያቸው፣ ለፊንጫ ሐይቅ የሚሆን የፈጣን ጀልባ ፎርማ ሲሠሩ፣ መጀመሪያ ጀልባዋን በሙሉ ከእንጨትና ከስቱኮ ያበጇት ነበር። እሷ ውሃ አትነካም። በላይዋ ፋይበር ግላስ ይለበጥና ፎርማው ቅርጿን ይዞ ይወጣል፤ የሚንሳፈፉት ጀልባዎች ከዚያ ይወለዳሉ።

«ለማትንሳፈፍ ጀልባ ይህ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው?» ስላቸው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የእናት ጉድለት ለልጅ ይተርፋል። ዓይንሽን ጨፍኚና ዳብሺ» ይሉኝ ነበር። እንግዳም ይምጣ ቄስ፣ ጀልባዋን ሳይዳብስ ሻይ አይቀርብለትም።

የአጎቴ ለቅሶ ሲያበቃ፣ ጀምረው የተዉአትን ጀልባ ዓይኔን ጨፍኜ ዳበስኳት። ከአፍንጫዋ በታች መዳፍ የሚያክል ጎድጎድ ያለ ቦታ አገኘሁ። እሳቸው ይህን እንዴት አለፉት? ኋላ ነው የገባኝ። ከሰው ጋር የሚጫወቱት እዚያ ቆመው ነበር፤ ወሬው ሲጥማቸው በእጃቸው ያለው የብርጭቆ ወረቀት አያርፍም፤ ያንኑ ቦታ ይፍቅ ነበር።

«አትንኪው፣ እጃቸው ነው» አሉኝ ባለቤታቸው።

ግን ከፎርማው የሚወጡት ሁሉ ያንን ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ ሲፈጥኑም ይንገጫገጫሉ። በስቱኮ ሞላሁት፤ ሲደርቅ አለሰለስኩት።

ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ደጋግሜ ዳበስኩ። አጎቴ የቆሙበትን ቦታ አጣሁት።