ስቦ የሚያርቅ ጨረቃ

ፈድሉ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ከከተመ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ሬዲዮ ይጠግናል። በቀበሌ ስብሰባ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። አነጋገሬ ያስቅብኛል ብሎ ይፈራል።

በ1973 ኅዳር ወር የሳይንስ አስተማሪዋን የሸዋጌጥን ሬዲዮ ጠግኖ ሲሞክር ስለ ሳተርን ይወራ ነበር። ከፕላኔቱ ቀለበቶች አንዱን፣ ቀጭኑን፣ ሁለት ትንንሽ ጨረቃዎች ከውስጥና ከውጭ ሆነው እንዳይበተን ይጠብቁታል ተባለ። ፈድሉ ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ሸዋጌጥ ሬዲዮዋን ልትወስድ ስትመጣ ጠየቃት።

«እትዬ፣ ጨረቃ ይስባል እንጂ ይገፋል እንዴ?»

«ስቦ ነው የሚያርቀው» አለችና በካርቶን ላይ እየሣለች አስረዳችው። ሦስት ቀን ሲያሰላስለው ሰነበተ።

እሑድ ሸዋጌጥ በቀበሌው ስለ ሳይንስ እንድትናገር ተመድባ ነበር፤ ወባ ጣላት። «ፈድሉ ይንገራችሁ፤ ያውቀዋል» ብላ ላከች። ሊቀ መንበሩ ጓድ ዋጋሪ ስሙን ሲጠራ ፈድሉ «አቤት» አለ። ተነሥቶ ቆመ። አንድ በርጩማ አንሥቶ መሐል ላይ አስቀመጠና ፊት ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞረ።

«ይሄ ሳተርን ነው። ኦቦ ሞረዳ፣ እርስዎ የቀለበቱ ስብርባሪ በረዶ ነዎት፤ በርጩማውን ይዙሩ።»

ሽማግሌው እየሳቁ መዞር ጀመሩ። ፈድሉ በውስጥ በኩል ፈጠን ብሎ እየዞረ ሲያልፋቸው ጋቢያቸውን ወደፊት ሳብ አደረገ።

«የውስጡ ጨረቃ ፈጣን ነው። ወደፊት ሲስብዎት ጉልበት ይጨምርልዎታል፤ ጉልበት ያገኘ ደግሞ ወደ ውጭ ይሰፋል። ጓድ ሊቀ መንበር፣ እርስዎ በውጭ በኩል ቀስ ብለው ይዙሩ። የውጩ ጨረቃ ዘገምተኛ ነው፤ ወደኋላ ይስባል፤ ጉልበት የቀነሰበት ወደ ውስጥ ይጠጋል። ስለዚህ ኦቦ ሞረዳ መሐል ላይ ይቀራሉ።»

ዋጋሪ የሽማግሌውን ጋቢ በጥንቃቄ ወደኋላ ሲጎትት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፈድሉም አብሮ ሳቀ። በአነጋገሩ የሳቀ ግን አልነበረም።

በገበያ ቀን ኦቦ ሞረዳ ወደ ፈድሉ ሱቅ መጥተው በኦሮምኛ ሰላም አሉት።

«አካም ጅርታ፣ ፈድሉ? የእኛ ምድር ለምን ቀለበት የላትም?»

ፈድሉ «እትዬ ሸዋጌጥን እንጠይቃት» አለ። ሱቁን ቆለፈና ሽማግሌውን ይዞ ወደ ሸዋጌጥ ቤት ሄደ።