ከውሃው አሥራ አራት እርምጃ

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው እጃቸው ነው። ከቤቱ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሦስት ጥዶች ጎን ለጎን ከቆሙበት ስፍራ ሲደርሱ፣ የአሮጊቷ አከራዬ የታይሚ ኮሱነን ግራ እጅ ሳያስቡት ይነሳና ከግራ ጆሯቸው በስተኋላ ያለውን ነጭ ፀጉር ዳሰስ ያደርጋል። በግራቸው ባልዲ ይዘው ከሆነ ባልዲውን ወደ ቀኝ ያዛውራሉ። ከዚያ ያልፋሉ። አንድ በጋ ሙሉ ይህን አየሁና ትንኝ ይሆናል አልኩ። በበረዶው ወራት፣ ትንኝ የሚባል ነገር በሌለበት፣ በሱፍ ቆባቸው ላይ ሲዳስሱ ሳይ ግን ሌላ ነገር እንዳለ ገባኝ። አልጠየቅኋቸውም። በዚህ በሰሜኑ አገር፣ በሳቮ ሐይቆች ዳር፣ ሰው ያልነገረህን መጠየቅ ሳይጠሩህ ቤት እንደ መግባት ነው።

ፎቃቸውን የተከራየሁት ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ ለአንድ ወር ብዬ ነበር። አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጠዋት በመስኮቱ ሐይቁን ባየሁ ቁጥር ገና ትናንት የመጣሁ ያህል እደነግጣለሁ፤ ታይሚ ይስቁብኛል። "ውሃ ነው" ይሉኛል። "ትናንትም ውሃ ነበር።"

ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። የተወለዱት እዚያው ቤት፣ ከምድጃው ጀርባ ባለው ክፍል ነው። ባላቸው በዛፍ ቆረጣ ላይ ሲሞት ታይሚ ሠላሳ አልሞላቸውም ነበር። አሥራ ሁለት ላሞች፣ አንድ አሮጌ ትራክተርና ወደ ሐይቁ የሚወርድ ረጅም መሬት ቀራቸው። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ላሞቹን በየቀኑ ማለዳ አለቡ። ከማንም ምንም አልጠየቁም። አንድ ዓመት አውሎ ነፋስ የከብት ቤቱን ጣሪያ ገልብጦት የመንደሩ ሰው ሊረዳ ቢመጣ፣ ታይሚ ምስማር በአፋቸው ይዘው ጣሪያው ላይ ተቀምጠው ነበር። "መሰላሉን ያዙልኝ" ብቻ አሉ። ጎረቤታቸው አዛውንቱ ካሌርቮ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚጨምሩት ነገር አለ፤ "እሱ ራሱ ለታይሚ ልመና ነው።"

ታይሚ ልጅ የላቸውም። ወራሾቻቸው ከተማ ያሉት የወንድማቸው ሁለት ሴት ልጆች ናቸው፤ በሐምሌ ለአንድ ሳምንት ይመጣሉ፣ ይዋኛሉ፣ ይሄዳሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን መሬቱ በወረቀት አንድ ይዞታ ስለሆነ፣ ከታይሚ በኋላ አንድ ላይ እንደሚሸጥ ማንም ያውቃል። ይህ ነበር ታይሚን እንቅልፍ የነሳቸው። ምክንያቱም በዚያ መሬት ጫፍ፣ ወደ ውሃው ገባ ባለችው ጉብታ ላይ፣ ሽማግሌው ታውኖ ይኖራሉ።

ታውኖ በሃያ አራት ዓመታቸው ለሁለት ሳምንት ሳር ሊያጭዱ መጡ። ከመጡ ሃምሳ ዓመት ሆናቸው። ላሞቹን ከታይሚ እኩል አልበዋል፣ ትራክተሩን ከታይሚ እኩል ሰድበዋል። ጉብታው ላይ የሚኖሩባትን የግንድ ቤት በገዛ እጃቸው ሠርተዋታል። በመዝገብ ግን ያቺ ቤት የታይሚ እርሻ አካል ናት፤ "ልዩ ልዩ ህንፃ፣ ቁጥር አራት" ትባላለች። ታውኖ በዚህ ይቀልዳሉ። ስልክ ሲደወልላቸው "ልዩ ልዩ ነኝ፣ ምን ልርዳዎት?" ይላሉ። ታይሚ ግን በዚህ ቀልድ ስቀው አያውቁም።

"ሰው ሃምሳ ዓመት በኖረበት ቤት እንግዳ ሆኖ መሞት የለበትም" አሉኝ አንድ ቀን፣ ድንች እየላጡ። በማግስቱ ለማዘጋጃ ቤቱ አመለከቱ፤ ይዞታው ሦስት ቦታ እንዲከፈል። አንዱ ዋናው ቤት፣ አንዱ ለወንድማቸው ልጆች የሚሆነው ጫካ፣ አንዱ የታውኖ ጉብታ።

ማዘጋጃ ቤቱ በሐይቅ ዳር መሬት ላይ ቀልድ አያውቅም። ደብዳቤው ከአምስት ወር በኋላ መጣ። ሐሳቡን እንደማይቃወሙ፣ ግን እያንዳንዱ ቦታ ውሃ ድረስ የሚደርስ ካልሆነ ክፍፍሉን እንደማያፀድቁ፣ ለዚህም ቀያሽ መጥቶ የድሮውን ወሰን እንዲያረጋግጥ ይላል። ታይሚ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ውሃ ድረስማ ይደርሳል" አሉ ታውኖ። "እግሬን የማጥበው የት ይመስላቸዋል?"

ታይሚ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ቀያሿ በግንቦት መጨረሻ መጣች። ኦውቲ ትባላለች፤ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች ረጅም ወጣት ናት። እንደ ወጉ ሥራው የሚጀመረው በባለመሬቱ ወጥ ቤት ነው። የሚመለከተው ሁሉ ይመጣል፣ ሄል የገባበት ዳቦ ይቀርባል፣ ቀያሹ ወረቀቱን ያነባል። ካሌርቮም መጥተው ነበር፤ የሐይቁ ውሃ የመንደሩ የጋራ ነው፣ የጋራ ማኅበሩ ሊቀመንበርም እሳቸው ናቸው።

ኦውቲ አሮጌውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "ችግሩ ይሄ ነው" አለች። "ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የመንደሩ ሰው የሳር መሬት ለማግኘት ቦይ ቆፍሮ ሐይቁን ዝቅ አድርጎታል። ውሃው ሲሸሽ የወጣው መሬት የማንም የግል አይደለም፤ የጋራ ነው። የእማማ ይዞታ የሚያልቀው የወሰን ድንጋዩ ጋ ነው። ድንጋዩ የት እንዳለ ግን ካርታው በደንብ አያሳይም።"

ወጣን። ከረፋድ እስከ ከሰዓት ቁጥቋጦውን ፈተሽን። ኦውቲ በመሣሪያዋ ለካች፣ ታውኖ በዱላ ወጉ፣ እኔ በጉልበቴ ዳከርኩ። ድንጋይ በሽ ነው፤ የወሰን ድንጋይ ግን የለም።

"ካልተገኘ ምን ይሆናል?" አሉ ካሌርቮ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

"ካልተገኘና የሚቃወም ከሌለ፣ ወሰኑ እስከ ውሃው ነው ብዬ እመዘግባለሁ።"

ካሌርቮ ሐይቁን አዩ። "እኔ ምን አውቃለሁ። ድንጋይ አይቼ አላውቅም። አልቃወምም።"

ታውኖ ቦት ጫማቸውን ያያሉ። አለቀ ማለት ነው፤ አንድ ፊርማ ብቻ ቀረ። ያኔ የታይሚ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳና ከግራ ጆሯቸው ኋላ አረፈ። እዚያው ቆየ።

"ታውኖ" አሉ። "አካፋ አምጣ።"

"ለምኑ?"

"አምጣ አልኩህ እኮ!"

ወደ ሦስቱ ጥዶች ሄዱ። ከመካከለኛው ጥድ ሥር ተንበረከኩ። አካፋው እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ወፍራሙን የድንጋይ ሽበት እንደ ብርድ ልብስ በጣታቸው ገለጡት። ከሥሩ አንድ ትልቅ ድንጋይ፣ ዙሪያውን አራት ትንንሽ ድንጋዮች። ሰው ያስቀመጣቸው መሆኑን ለማወቅ ቀያሽ መሆን አያስፈልግም ነበር።

"ስድስት ዓመቴ ነበር" አሉ፣ ሳይነሱ። "አባቴ ወንድሜን ሊያመጣ ነበር፤ ወንድሜ ትኩሳት ያዘውና እኔን አመጣኝ። ድንጋዩን አሳየኝ። ከዚያ ፀጉሬን እዚህ ጋ ይዞ ጎተተኝ፤ እስካለቅስ ድረስ። 'አሁን አትረሺም' አለኝ። ለወንዶች ልጆች ነበር እንዲህ የሚደረገው። እኔም አልረሳሁም።"

ኦውቲ ለካች። ከድንጋዩ እስከ ውሃው አሥራ አራት እርምጃ። በዚያ አሥራ አራት እርምጃ ውስጥ የታይሚ አባት የሠሩት ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ፣ አለ፤ የጀልባዋ ማሰሪያ አለ። የታውኖ ጉብታ ደግሞ ውሃው በሸሸበት መሬት ታጥሮ ውሃ ሳይደርስ ቀረ።

"እማማ" አለች ኦውቲ በለሆሳስ፣ "ባያሳዩን ኖሮ…"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ!" አሉ ታውኖ አካፋቸውን ይዘው። "የአባትሽን ሳውና ለመንደር ሰጠሽ! ስለ እኔ ብለሽ የጀመርሽውን በገዛ እጅሽ ገደልሽው!"

ታይሚ ተነሡና ከጉልበታቸው ላይ አፈሩን አራገፉ። "ለአንተ የምሰጥህ መሬት የሰው መሬት የተቀላቀለበት አይሆንም" አሉ። "ስሰጥህ ንጹሕ ነው የምሰጥህ። ካልሆነም አልሰጥህም።"

እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም።

ካሌርቮ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው የራሳቸው ዳርቻ አሻግረው እያዩ "ኦውቲ" አሉ፣ "የእኔ ድንጋይስ የት ነው?"

ኦውቲ ካርታውን አየች። "የእርስዎ ግልጽ ነው። ከውሃው ሃያ ሜትር።"

"ሳውናዬ አሥራ ሁለት ላይ ነው።"

"እንግዲያው ካሌርቮ" አሉ ታውኖ፣ ንዴታቸው ገና ሳይበርድ፣ "ዕድሜህን ሙሉ ራቁትህን የመንደሩ መሬት ላይ ስትቀመጥ ኖረሃላ!"

ኦውቲ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ካሌርቮ ራሳቸው ሳቁ።

ቢሆንም መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። የጋራው ማኅበር ተሰብስቦ ያንን መሬት ለታይሚ መልቀቅ ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ ታይሚ ተነሥተው መጠየቅ ነበረባቸው። ጣሪያ ላይ ተቀምጠው መሰላል ብቻ ያስያዙ ሴት።

ስብሰባው በመንደሩ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች አዳራሽ እሑድ ቀትር ላይ ሆነ። ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ታይሚ ለቀብር የሚለብሱትን ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ነበር። ተራቸው ሲደርስ ተነሡ። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እጠይቃለሁ" አሉ። ከዚያ ቆሙ፤ ያቺ ቃል ከአፋቸው ስትወጣ የሰማት ሁሉ አንገቱን ቀና አደረገ። "ከድንጋዩ እስከ ውሃው ያለውን፣ ከታውኖ ጉብታ ፊት ያለውንም። በምትኩ ለጋራው የጀልባ ማረፊያ ከጫካዬ አዲስ ሳንቃ እሰጣለሁ። አበቃሁ።"

ማንም አልተናገረም። የመንደሩ ሰው እንዲህ ዝም ሲል እሺ ይሁን እምቢ ለመለየት እዚያ ማደግ ያስፈልጋል፤ እኔ መለየት አልቻልኩም። አንዲት አሮጊት ከኋላ "ሳንቃው የጥድ ነው?" አሉ።

"የጥድ ነው።"

"እንግዲያው ምን እንጠብቃለን?"

ካሌርቮ ጠረጴዛውን መቱ። የሚቃወም የለም። በዚያው ስብሰባ፣ ሌሎቹም ሳውናቸው የት እንደቆመ ትዝ እያላቸው፣ ሁሉም በየዳርቻው ያለውን እንዲያስመዘግብ ተወሰነ። ቀድሞ ግን የታይሚ።

የማዘጋጃ ቤቱ ማጽደቂያ መስከረም ላይ ደረሰ፤ ማኅተም ያለው፣ ሦስት ካርታ የተያያዘበት። ታይሚ ሦስተኛውን ካርታ ለታውኖ በእጃቸው ሰጡ። ታውኖ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

"ቁጥር አለኝ" አሉ በመጨረሻ። "ልዩ ልዩ መሆኔ ቀረ።"

"ዓሣ ጥብስ" አሉ ታይሚ። "ባለመሬት እንግዳ ይጋብዛል።"

ኦውቲ አዲሱን ችካል ልትተክል በማግስቱ መጣች፤ ጫፉ ቀይ የተቀባ የብረት ዘንግ፣ በታይሚና በታውኖ መሬት መካከል። ተክላ ስትጨርስ ታይሚ ዙሪያውን አራት ትንንሽ ድንጋይ አስቀመጡ። ሕጉ አይጠይቀውም። ከዚያ ቀና አሉና ሁላችንንም በየተራ አዩን።

"እዚህ ካለነው ሁሉ ታናሽ ማን ነው?"

"እኔ በሁለት ዓመት እበልጣታለሁ" አለች ኦውቲ ፈጠን ብላ፣ ወደ እኔ እያየች።

"ነይ እስቲ" አሉኝ።

ጠጋ አልኩ። ፀጉሬን ከግራ ጆሮዬ ኋላ ያዙና ጎተቱኝ። በቀልድ አይደለም፤ ላሞች ባለበ እጅ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

"ኧረ እማማ! ታውኖን አይጎትቱም?"

"ታውኖ ምን ፀጉር አለው?" አሉ። "ችካሉን አየሽ?"

"አየሁ።"

"የማን ነው ወዲያ ማዶ ያለው?"

"የታውኖ።"

"ጎሽ።"

የውሃ ባልዲያቸውን አነሡና ወደ ቤታቸው አቀበቱን ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ ወገባቸው ቀጥ ብሎ። ወደ ኋላ አላዩም። ጆሮዬን እያሸሁ በዓይኔ ተከተልኳቸው። ሦስቱ ጥዶች ዘንድ ሲደርሱ ባልዲውን ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ።