ሁለተኛው ዳሌ

ኤዲያ! የክፍላችንን አለቃ «አቶ ጽዱ» ነው የምንለው፤ እሱ ሙገሳ ይመስለዋል። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል። ቆቡን ሳይተኩስ አይገባም። እኛን ነርሶቹን እንደ ተማሪ አሰልፎ ጥፍራችንን ያያል፤ ወለሉ ላይ አንዲት ጠብታ ደም ካገኘ ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዘን ይውላል። መጽሐፍ ግን ገልጦ አያውቅም። «እኔ የልምድ ሰው ነኝ» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ልምድ እቴ!

አንድ ፖስተኛ መጣልን። ከብስክሌት ወድቆ ከዓይኑ ሥር ያለው አጥንት ደቅቋል፤ ዓይኑም ወደ ውስጥ ሰምጧል። ሐኪማችን ከገዛ ዳሌው ትንሽ አጥንት ወስዳ ልትተክልለት ወሰነች፤ የራስን አጥንት ሰውነት አይገፋውም። ሰውዬው የፈራው ለፊቱ አልነበረም።

«ዶክተር፣ እኔ የምኖረው በእግሬ ነው» አላት።

«አንዱን ጎን ብቻ ነው የምነካው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሥራዎ ላይ ነዎት።»

ያን ቀን ሰው አንሶን አቶ ጽዱ ራሱ እጁን ታጥቦ ከጎኔ ቆመ። ሐኪሟ ከዳሌው ያወጣችውን አጥንት ሰጠችኝ። እንዳይደርቅ በጨው ውሃ በራሰ ጎዝ፣ በቁስል መጠቅለያ ጨርቅ፣ ጠቅልዬ የመሣሪያው ጠረጴዛ ጥግ ላይ አኖርኩት፤ ሁልጊዜም የምናደርገው እንደዚያ ነው። ከዚያ የመስፊያውን ክር ላዘጋጅ ዞር አልኩ። ይሄ ጉደኛ ደም የነካው ጎዝ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲያይ አላስቻለውም። አፈፍ አድርጎ የቆሻሻው ባልዲ ውስጥ ወረወረው!

«አጥንቱን» አለች ሐኪሟ። እጄን ብሰድ ባዶ ነው። ብንፈልግ ከቆሻሻው ጋር ተለውሶ አገኘነው። እንዲህ የሆነ አጥንት ደግሞ ሰው ፊት ውስጥ አይገባም። አንድ ጊዜ ብቻ ገላመጠችውና ሁለተኛውን ዳሌ ከፈተች።

በማግስቱ «ሂድና እውነቱን ነግረህ ይቅርታ ጠይቀው» ብላ አዘዘችው። አብሬው ሄድኩ። ፖስተኛው ግራ ቀኝ ጎኑ ታሽጎ መገላበጥ አቅቶታል።

«ለምንድን ነው ሁለቱም የተቆረጠው?» አለ።

«የመጀመሪያው አጥንትህ ደካማ ሆኖ ተገኘ» አለው አቶ ጽዱ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። እኔም፣ አፈር ልብላ፣ የሥራ ባልደረባ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከእሱ በምን ተሻልኩ?

ፖስተኛው እጄን ያዘኝ።

«እህቴ፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ደካማ አጥንት በዘር ይወርዳል እንዴ?»

አቶ ጽዱ ሊመልስ አፉን ከፈተ።

«አንተ፣ ዝም በል!» አልኩት። እርስዎ ሳልለው የቀረሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አጥንትህ ምንም አልነበረበትም፣ ወንድሜ። ልጆችህም ደህና ናቸው። እኛ ነን ቆሻሻ ውስጥ የጣልነው።»

እጄን ለቀቀው።