ነጋዴው ባሌ ነው

በአውቶቡሱ መስኮት ጥግ ኩርምት ብላ የተቀመጠችው ሴት የጨርቅ ጥቅሎቿን እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ጣቶቿ ግን ሥራ አይፈቱም፤ ሳይታወቃት አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ የኮት ጠርዝ እየዳበሱ ጥራቱን ይመዝናሉ። ስልኳ ሲጮኽ ኮስተር ባለ ድምፅ መለሰች።

«ወንድሜ፣ ዋጋው ንቅንቅ አይልም! ለሦስቱም ሱቆች ዛሬውኑ አድርስ!»

ዘግታ እንደገና ኩርምት አለች።

«ለካ ነጋዴ ነሽ፣ ልጄ» አሏት ሽማግሌው።

«ኧረ ምን ነጋዴ አባባ! ለልጆች ዳቦ እፍጨረጨራለሁ እንጂ።»

«ምነው፣ ግብር ሰብሳቢ መሰልኩሽ እንዴ?»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

«ነጋዴው ባሌ ነው። ከከሰረ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰፈርተኛው ግን ዛሬም ‹ነጋዴው› ብሎ ሲጠራው ቀና ብሎ አቤት ይላል። ታዲያ ስሙን ደግሞ ብቀማው ምን ይቀረዋል?»