የማይለቅ ቀይ

የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ላጥብ ገልብጬ ሳራግፈው፣ ከእርሳስና ከደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ጋር አንዲት ትንሽ የከንፈር ቀለም ወለሉ ላይ ወደቀችና ክዳኗ ተከፈተ፤ የቀለጠ ጧፍ ከጽጌረዳ ሳሙና ጋር የተቀላቀለ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቦርሳውን እንደያዝሁ ደፉ ላይ ቁጭ አልሁ። ያን ሽታ ከልጅነቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም። ዓይኔን ስጨፍን ደባርቅ ከመንገዱ ዳር የነበረችው የቆርቆሮ ቤታችን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጫፉ የተሰበረ የመኪና ስፖኪዮ፣ ከስፖኪዮው ፊት ለፊት ደግሞ አንገቷን አቅንታ የቆመችው እናቴ መጡብኝ።

አባቴ ሾፌር ነበር። ከዳባት ገብስና ስንዴ በአሮጌ ኤንትሬ ካሚዮን ጭኖ ሊማሊሞን ቁልቁል ይወርድና፣ ከቆላው ሰሊጥና ማሽላ ይዞ ይመለስ ነበር። ሽቅብ ሲመጣ ሞተሩ ከጥምዝ ጥምዝ እያጓራ፣ አንዴ እየጠፋ አንዴ እየተሰማ ይወጣና፣ የመጨረሻውን ዳገት ሲጨርስ ክላክሱን ረዘም አድርጎ ያስጮኸው ነበር። እናቴ ያን ጊዜ በእጇ የያዘችውን ሥራ ሁሉ ጥላ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ቢጫ ሻሿን ከግንባሯ ከፍ አድርጋ አስራ በር ላይ ትቆም ነበር። ብዙ ልብስ አልነበራትም፤ ያላትን ግን እንዴት እንደምትለብሰው ታውቅ ነበር። «ትርንጎ፣ ድሀ መሆን ሌላ ነው፣ ተጎሳቁሎ መታየት ሌላ ነው» ትለኝ ነበር፣ የቀሚሷን ጫፍ እያራገፈች።

አንድ ፋሲካ አባቴ ከሁመራ ሲመለስ ያቺን ቀይ የከንፈር ቀለም አመጣላት። እናቴ ከአሮጌ መኪናው በተነቀለው ስፖኪዮ እያየች ተቀባችና አፏን በነጠላዋ ጋርዳ ወጣች፤ ነጠላውን ስታነሣው አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አያል፣ የፍሬን መብራት አስመሰልሽው እኮ!»

«አስቀያሚ ሆነብኝ?»

«ኧረ ወዲያ! ሾፌር ቀይ ሲያይ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ሾፌር ነኝ እንዴ?»

«ይቆማል» አላት። «የትም እየሄደ ቢሆን ይቆማል።»

ከዚያ ወዲያ እናቴ ያለ ቀይ ከንፈር ከቤት አትወጣም ነበር። በቅዳሜ ገበያ፣ ከበየዳና ከጃናሞራ የመጣው ገበሬ ሁሉ በጉንና ድንቹን ትቶ ዞሮ ሲያያት፣ ደረቷን ነፍታ፣ ጥቁር ባለ ተረከዝ ጫማዋን እያስጮኸች፣ ከመንገዱ መሀል ሳትወጣ ትሄድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትደርስ ብቻ የቄሱን መስቀል እንዳታቀልመው ግንባሯን ታስነካ ነበር እንጂ አትስመውም። እኔ ከኋላዋ እየተከተልሁ፣ ሳድግ እንደሷ እንደምሆን እርግጠኛ ነበርሁ።

በግንቦት የድንበሩ ጦርነት ተነሣ፤ አባቴም ከነመኪናው ለጦሩ ስንቅ እንዲያመላልስ ታዘዘና ወደ ሰሜን ወረደ። ያ ክረምት ደባርቅ ላይ ጉሙ አልገለጠም፤ ካሚዮኖቹ ከነጉሙ እየገቡ ከነጉሙ እየወጡ፣ ቀንም መብራታቸውን አብርተው ያልፉ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ላይ ሲያልፍ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆም ብሎ ጉንጬን ይስመኝና ለእናቴ «ቀዩን አየሁት፣ ቆምሁ» ብሏት ይሄድ ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ፤ አልሳቀም። የእናቴን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ካያት በኋላ ወደ ጋቢናው ወጣ። ከዚያ በኋላ ክላክሱን አልሰማነውም።

መስከረም ጠባ፣ ጉሙ ተገለጠ፣ አደይ አበባው አበበ፤ እናቴ ከመንገዱ ዳር ካለችው ድንጋይ ላይ አትጠፋም ነበር። ከሊማሊሞ የሞተር ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከስፖኪዮው ፊት ትሮጥና ትቀባ ነበር፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ቀለሙ አንዳንዴ እስከ አገጯ ይወርድ ነበር፣ እየተሳደበች በምራቋ ታስተካክለው ነበር። ውጭ ስትወጣ ግን ያ መንቀጥቀጥ የት እንደሚሄድ አላውቅም፤ አንገቷ ይቀናል፣ ሻሿ ከፍ ይላል፣ የቆመ ሾፌር ሁሉ ዘንድ ሄዳ «በሩ ሰማያዊ የሆነ ኤንትሬ አላያችሁም?» ትላለች። «እህቴ፣ ስንቱን ላስታውስ?» ይሏታል። ታመሰግናለች። ቤት ስትገባ ሻሿን ትነክስና ድምፅ የሌለው ልቅሶ ታለቅሳለች፤ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ደብተሬን እገልጣለሁ።

ጥር ሲመጣ አገሩ ሁሉ መርዶ በመርዶ ሆነ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ይሰበሰባሉ፣ የቤቱ ሰው ገና ሲያያቸው ያውቃል። ሴቱ ሁሉ ጥቁር ሲለብስ የእናቴ ከንፈር ብቻ ቀይ ቀረ። እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ምላሰኛ ጎረቤት ነበሩን፤ ቦኖ ውሃ ላይ፣ ሴቱ በጀሪካኑ ተሰልፎ ሳለ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ባል ጦር ሜዳ፣ ከንፈር ሰርግ ቤት!» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ።

እናቴ አልዞረችም። «እትዬ ዘውዴ፣ የኔ ከንፈር የእርስዎን ጀሪካን አያፈስም፤ ውሃዎን ይቅዱ።»

«እኔስ ለልጅቷ አዝኜ ነው እቴ! የማንን ዓይን ልትስብ ነው ይላል ሰው።»

«የአንድ ሰው» አለች እናቴ። ከዚያም ጀሪካኗን አዝላ፣ እኔን አስከትላ ወደ ቤት ተመለሰች።

የንስሐ አባታችን መምሬ ሳይቀሩ ቤታችን መጥተው ተቀምጠው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ «ልጄ አያልነሽ፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ በሚውልበት ዘመን ይህ ምን ይባላል?» አሏት። እናቴ እግራቸው ሥር ወድቃ፣ «አባቴ ይፍቱኝ፤ ይህን ከከንፈሬ የጠረግሁ ለት፣ የባሌን መርዶ ለራሴ የነገርሁት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለቻቸው። መምሬ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው ባረኳትና ተነሥተው ሄዱ።

ሌላ ክረምት ሄዶ ሌላ በጋ መጣ። የከንፈር ቀለሟ አልቆ ቀፎው ብቻ ሲቀር እናቴ በክብሪት እንጨት እየጫረች፣ ከለጋ ቅቤ ጋር እየለወሰች ታብቃቃው ነበር፤ ሽታውም ከጽጌረዳ ወደ ቅቤ፣ ከቅቤም ወደ ኮመጠጠ ነገር ተለወጠ። እንዲያ ስትል ጦርነቱ አበቃ ተባለ። ካሚዮኖቹ ሊማሊሞን ሽቅብ እየወጡ፣ የተረፈውን ሰው እየጫኑ፣ ቀንና ሌት ያልፉ ጀመር። እናቴ እህል አልቀምስ አለች፤ ባጎርሳትም ከአፏ አውጥታ፣ «ቀለሙ ይነሣል» ትለኝ ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ነገር ሆነ፤ ሰው ሁሉ ደግ ሆነብን። እትዬ ዘውዴ ቦኖ ላይ እናቴን ሲያዩ ተራቸውን ለቀው፣ «ቅደሚ እታለም» አሏት። የወፍጮ ቤቱ ሰው እህላችንን ሳያሰልፍ ፈጨልን። ሴቶቹ ከንፈሯን ሲያዩ አይሳሳቁም፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ይመልሱታል። እናቴ ቤት ገብታ ጀሪካኑን አስቀምጣ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ብላ፣ «አየሽ ትርንጎ፣ ለመዱት እኮ! ሰው ካልፈራሽው ይለምድሻል» አለችኝ። እኔም አመንኋት፤ በዚያ ሳምንት ሁለታችንም ጥሩ እንቅልፍ ተኛን።

የከንፈር ቀለሟ ጨርሶ ያለቀው የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲል ነው። በዚያ ሰሞን የአገሬ ልጃገረድና ሴት እንሶስላ ይሞቃል፤ ሥሩን ከረግረጉ ዳር ቆፍሮ፣ ወቅጦ፣ እጅና እግር ላይ አድርጎ በቅጠል አስሮ ማሞቅ ነው፣ ሲፈታ ቆዳው ቀልቶ ይገኛል። እናቴም መቆፈሪያ ይዛ፣ እኔን አስከትላ ወረደችና ቆፈርን። ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብላ ስትወቅጠው እትዬ ዘውዴ በአጥሩ አሻግረው አዩን።

«ለትርንጎ እጅ ነው?» አሉ።

«ለኔ ከንፈር ነው እትዬ። ያኛው አለቀብኝ።»

እትዬ ዘውዴ አፋቸውን ከፈቱ፤ አንድ ነገር ሊሉ ነበር። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። እናቴም የተወቀጠውን ከንፈሯ ላይ ደልድላ፣ በቅጠል ሸፍና፣ በጨርቅ አሰረችው፤ ሲያቃጥላት ዓይኗ እንባ እያቀረረ ሳቀችብኝ። ሲፈታ ከንፈሯ እንደ በሰለ እንጆሪ ደም መስሏል። በውሃ አጠበችው፣ አልለቀቀም። በሳሙና አጠበችው፣ አልለቀቀም። «እሰይ!» አለች። «ከእንግዲህ መሮጥ የለም። በመጣበት ሰዓት ይምጣ።»

ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ዘላ ተነሥታ ከፈተችው። መምሬ ከፊት፣ ጎረቤቱ ከኋላ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«አያልነሽ ልጄ…»

«አይጨርሱት አባቴ! በእመቤቴ አይጨርሱት!»

መምሬ ጨረሱት። ከአባቴ ጋር ይነዳ የነበረ ሾፌር በሐምሌ መጨረሻ፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል መጥቶ ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸው ነበር፤ በአገሩ ወግ በጾም መርዶ አይነገርም ብለው፣ ጾሙ እስኪፈታ ሰፈሩ ሁሉ በሆዱ ይዞት ቆይቷል። እናቴ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና እትዬ ዘውዴ ላይ ስትደርስ፣ «ቅደሚ ያሉኝ ለዚህ ነው?» አለቻቸው።

የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። ጮኻ ጮኻ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ ከንፈሯ ትዝ አላት። ለቀስተኛው ከየሰፈሩ እየመጣ ቤቱን ሞልቶ፣ አልቃሿ የአባቴን ስም እየጠራች፣ እናቴ ሬሳ በሌለው ልቅሶ መሀል ሰርገኛ መስላ ተቀምጣለች። በነጠላዋ ጠረገችው፣ አልለቅ አለ። ከምድጃው አመድ ዘግና ፈተገችው፣ በጨው ፈተገችው፣ ተንበርክካ ከደጃፉ አሸዋ አፍሳ ፈተገችው፤ ደሙ ወጣ፣ ቀዩ ከደሙ ሥር አለ። እኔ ቀሚሷን ይዤ «ተይ እማዬ፣ ተይ» ስል፣ እትዬ ዘውዴ ሴቱን በክርናቸው እየገፉ መጡና ከራሳቸው ላይ ጥቁር ሻሻቸውን ፈትተው የእናቴን አፍ ከአፍንጫዋ ሥር ጀምረው አሰሩላት፣ ፀጉራቸው ሰው ፊት ተገልጦ። «በይ አሁን አልቅሺ እታለሜ፣ ሸፍኜሻለሁ፣ ማንም አያይሽም» አሏት። እናቴም በሻሹ ውስጥ ስታለቅስ ዋለች።

ያ ቀለም የልቅሶው ሰባት ቀን እስኪያልፍ ቆየ። እናቴ ስፖኪዮውን ወደ ግድግዳው አዞረችው፣ ፀጉሯን ተላጨች፣ ቢጫውን ሻሽ ለማን እንደሰጠችው አላውቅም። ብቻዋን ስትሆን መንገድ ላይ ትወጣ ስለ ነበር እሷን እየጠበቅሁ ከአራተኛ ክፍል ቀረሁ፤ ሳልጎለምስ ለዳባት ሰው ተዳርሁ፣ እሷንም ይዣት መጣሁ። ከዚያ ጊዜ የተረፈኝ ፍርሀት ነው። ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆንልኝ፣ ገበያ ላይ አንዷ «ቅደሚ» ስትለኝ ወደ ቤት እሮጥና ልጆቼን እቆጥራለሁ።

ልጄ ቤዛ ከውጭ ስትገባ ደፉ ላይ እንደተቀመጥሁ ቀለሙን እጄ ላይ አየችው። «እማዬ፣ ለጓደኛዬ እህት ሰርግ ነው እኮ» አለች። ልከለክላት ፈለግሁ፣ ምን ብዬ እንደምከለክላት ግን አጣሁና ሰጠኋት። ሞባይሏን እንደ መስታወት ይዛ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አዙራ ተቀባችና አንገቷን አቀናች፤ አያቷን ቁርጥ መሰለችኝ። አልጋዋ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ቀና አለች። «ነይ እስቲ ወደ ብርሃን» አለቻት። ብዙ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«ይለቃል?» አለች።

«አዎ እማማ! ይኸው» ብላ ቤዛ እየሳቀች ከንፈሯን በሶፍት ጠረገችው፤ ጠፋ። መልሳ ተቀባችና ወጣች።

የእናቴ ቀይ አንድ ሰው እንዲቆም ነበር፤ የልጄ ቀይ ማንንም አይጠብቅም፣ ስትፈልግ ታጠፋዋለች፤ ስለዚህም ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ደስ እንዲለኝም እየሞከርሁ ነው። ሶፍቱን ከወለሉ አንሥቼ እሳት ውስጥ ጣልሁት። ያን ጊዜ ወደ ደባርቅ የሚወጣ አንድ ካሚዮን በበራችን ሲያልፍ ክላክሱን አስጮኸ፤ እናቴም፣ እስከ ዛሬ እንደምታደርገው ሁሉ፣ የነጠላዋን ጫፍ ስባ አፏን ሸፈነች።