እንኳን ደህና መጡ

ልብስ ሰፊዋ፣ ሰው ወሬ እንዳይጀምርባት፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ትውላለች። ደንበኛ «እህቴ፣ መቼ ልምጣ?» ሲላት በጣቶቿ ሦስት ቀን ታሳያለች። የክር መሳቢያዋ ውስጥ ግን ስልክ አለ፤ የየሃይማኖቱ ሰው አብሮ የሚጸልይበትን የኢንተርኔት ማኅበር «ጥላ» በሚል ስም የምትመራው እሷ ናት። ሴት መሆኗን ያወቀ የለም። ታላቅ ወንድሟማ «ከሌላ እምነት ጋር የጸለየ ሥጋዬ አይደለም» ብሎ ምሏል።

ዛሬ «መንገደኛ» የተባለ ሰው ልግባ አለ። ፎቶው ላይ ያለው ክርኑ የተጣፈ ኮት ነው፤ የጣፈችው ራሷ፣ ለወንድሟ። «የመጣ አይመለስም» የሚለውን ደንብ የጻፈችውም እሷው ናት። አስገባችው። ለሁሉም «እንኳን ደህና መጡ» የምትለዋ ሴት በድንጋጤ «እንኳን ደህና መጣህ» ብላ ላከች።

ልታጠፋው ስትጣደፍ መልሱ ቀደማት፤

«አንቺስ ደህና ነሽ?»