የብረት የክትባት ካርድ

የአሰላዋ በያጅ ሙቢና ከእያንዳንዱ ብየዳ አጠገብ ቁጥር ትቀርጻለች፤ ቀኑንና የተጠቀመችበትን የብየዳ ዘንግ፣ ማለትም የኤሌክትሮዱን ፓኬት፣ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ባልደረባዋ መርሻ «ለብረት የክትባት ካርድ ታወጣለች!» እያለ ይስቅባታል።

ዲክሲስ ከተማ ለአንድ ትምህርት ቤት የሠራችው የውሃ ታንከር የብረት ማቆሚያ አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ «ሁሉም ይፍረስ» አለ። ስሟ ሊጠፋ ነው። ሙቢና ስንጥቁ አጠገብ ያለውን ቁጥር አየች፤ አርባ አንድ። ደብተሯን ገለጠች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ቀና ብላ። «ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ ኤሌክትሮዱን እርጥበት ነክቶታል። ከዚያው ፓኬት የተበየዱት ሌሎች ቁጥር አርባና ቁጥር አርባ ሁለት ብቻ ናቸው።»

ሲፈተሹ ሁለቱም ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረባቸው፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሦስቱን ፍቃ እንደገና በየደች፤ ማቆሚያውም ከመፍረስ ተረፈ።

በማግስቱ መርሻ አዲስ ደብተር ይዞ መጣ። «ሙቢ፣ ለእኔም ብረት ካርድ አውጪልኝ።»

«መጀመሪያ አንተ ተከተብ» አለችው እየሳቀች፤ «ክትባቱ ይኸው፦ እርጥብ ኤሌክትሮድ አትንካ!»